«ጥርስ ነው» ተባለ፤ ፔርሙዙን ግን ማንም አልጠረጠረም!

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፍቅር አይደለም፤ ስለ ፍቅር ፍሬ ነው። አዎ፣ ስለ ሕፃናት ምግብ! «ኧረ እኔ ገና አላገባሁም» ብላችሁ ገጹን ለመግለጥ የቸኮላችሁ ካላችሁ እባካችሁ ትንሽ ቆዩኝ። እኔም አላገባሁም፤ አልወለድኩምም። ግን የእህት ልጅ የሌለው፣ ጎረቤት «እስቲ ይቺን ልጅ አንዴ ያዢልኝ» ያላላት ማን አለች? ዛሬ የሰው ልጅ የያዘ ነገ የራሱን መያዙ አይቀርም።

ነገሩ የተነሳው አዲስ ዓለም ላይ ነው። የአምቦን መንገድ ይዛችሁ፣ ሆለታን አልፋችሁ፣ ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ስትርቁ የምታገኟት ከተማ ማለቴ ነው። የዘመዳችን ልጅ ክርስትና ነበርና ተጠርቼ ሄድኩ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ቡናው ቀረበ። ከጎኔ የስምንት ወር ልጇን የታቀፈች አንዲት ወጣት እናት ተቀምጣለች። ልጁ አንገቱን ትከሻዋ ላይ ጥሎ ዝም ብሏል። የስምንት ወር ልጅ በድግስ መሀል ዝም ሲል ደግሞ ደስ አይልም።

«ምነው አመመው እንዴ?» አልኳት።

«ሆዱ እምቢ አለኝ እህቴ። በሁለት ወር ውስጥ ይኸው ሦስተኛ ጊዜው ነው። ተቅማጥ! ሻል አለው ስል ይመለስበታል። ክብደቱም ቆመ» አለችኝና እንባዋ ዓይኗ ላይ ሞላ።

ይህን የሰማ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ «ጥርስ ነው» አለች። ሌላዋ «ዓይን ነው፣ ሰው መሀል አታውጪው» አለች። አማቷ፣ ደግና የተከበሩ እናት ናቸው፣ ነገሩን ጨርሰውት ኖሯል። «ግግ ነው። ቅዳሜ የምታወጣ ሴት አለች፤ ልንወስደው ነው» አሉ። ግግ ማውጣት ማለት ለማታውቁት፣ የሕፃኑን ድድ ሰንጥቆ ገና ያልበቀለውን የወተት ጥርስ መንቀል ነው። በምላጭም ይሁን በሌላ ስለት! ደም መፍሰሱ፣ ማመርቀዙ፣ መንጋጋ ቆልፉ፣ በስለት የሚተላለፈው በሽታ ሁሉ አብሮ ይመጣል። ተቅማጡ ግን ከድድ ስላልመጣ የትም አይሄድም።

ከተጋባዦቹ መሀል አንዲት ነርስ ነበረች። እስከዚያ ድረስ ቡናዋን ፉት እያለች ዝም ብላ ታዳምጥ ነበር። ሲኒዋን አስቀምጣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«ዛሬ የበላው ምግብ በስንት ሰዓት ነው የተሠራው?»

እናትየው ግራ ገባት። «ጠዋት ነዋ! ሁልጊዜም ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው የምሠራው። ሥራ ስለምሄድ አጥሚቱን አፍልቼ፣ እንዳያቃጥለው አብርጄ፣ ፔርሙዝ ውስጥ አደርግለታለሁ። ሠራተኛዋ እስክመለስ በጡጦ ትሰጠዋለች።»

«ስትመለሺስ ስንት ሰዓት ነው?»

«11 ሰዓት ይሆናል።»

«በይ እንግዲህ ጥርሱን ተዪው» አለች ነርሷ፤ «ፔርሙዙን ጠርጥሪ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ማን ፔርሙዝ ይጠረጥራል?

ፔርሙዙ ምን አጠፋ?

እኔም እንደናንተ ገርሞኝ ነበር። አጥሚቱ ፈልቷል፤ ፔርሙዙ ታጥቧል፤ ክዳኑም ተዘግቷል። ታዲያ ጥፋቱ የት ላይ ነው?

ጥፋቱ ያለው «አብርጄ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ምግብ የሚያበላሹት ጥቃቅን ተሕዋስያን በጣም ቀዝቃዛውንም በጣም ትኩሱንም አይወዱም። ከ5 ዲግሪ በታች ያንቀላፋሉ፤ ከ60 ዲግሪ በላይ መራባት ያቅታቸዋል። የሚወዱት መሀሉን፣ ለብ ያለውን ነው። እናት ልጇ እንዳይቃጠል ብላ አጥሚቱን ለብ አድርጋ ፔርሙዝ ውስጥ ስትጨምረው፣ ፔርሙዙ ያንኑ ለብታ ይዞ ያቆየዋል። ሥራው ነዋ! ሳናውቀው ለተሕዋስያኑ ሞቅ ያለ ቤት ከነምግቡ አከራየንላቸው ማለት ነው።

ስሌቱን ስሙት። የሚመች ሙቀት ያገኘ ተሕዋስ በ20 ደቂቃ ገደማ አንዱ ሁለት ይሆናል። በአንድ ሰዓት 8፣ በሁለት ሰዓት 64። በስድስት ሰዓት ውስጥ ያው አንዱ ብቻውን ከ260 ሺህ በላይ ይደርሳል! እኛ ትልልቆቹ ብንበላው ሆዳችን ትንሽ ጮሆ ሊያልፍ ይችላል። የስምንት ወር ሕፃን ግን ትንሽ ሰውነት፣ ያልጠነከረ መከላከያ ነው ያለው። ውሃው ቶሎ ያልቃል።

«እሺ፣ መልሰን ብናፈላውስ?» ትሉ ይሆናል። እናትየውም ይህንኑ ጠይቃለች። ማፍላት ብዙዎቹን ተሕዋስያን ይገድላል፤ አንዳንዶቹ ግን ምግቡ ውስጥ የተዉት መርዝ በማፍላት አይጠፋም። የተበላሸውን ማፍላት ያልተበላሸ አያደርገውም።

ጡጦውም ተጨማሪ ጣጣ ነው። የጫፉ ቀዳዳ፣ የክዳኑ ጥርስ፣ የታችኛው ጥግ… አጥሚት የሚጣበቅበት ቦታው ብዙ ነው። በውሃ ለቅለቅ ማድረግ አያጸዳውም። የጤና ባለሙያዎች ጡጦን ትታችሁ በኩባያና በማንኪያ አብሉ የሚሉት ለዚህ ነው። ኩባያ ውስጡ ይታያል፤ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ያልቃል።

የማገዶ ነገር

እዚህ ላይ እናትየውን ለመውቀስ የቸኮላችሁ ካላችሁ ቀስ በሉ። «ሦስቴ እሳት ላንድድ? የከሰል ዋጋ የት እንደደረሰ አታውቂም? መብራቱስ መቼ ይኖራል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። በቀን አንዴ የምታበስለው ሰነፍ ስለሆነች አይደለም፤ ማገዶ ስለሚያልቅባት ነው።

የሚገርመው፣ ይህቺ ከተማ ራሷ የተወለደችው በማገዶ ምክንያት ነው። በ1890ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) አዲስ አበባ ማገዶ ሲያጥራት አፄ ምኒልክ መዲናቸውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው፣ «አዲስ ዓለም» ብለዋት ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። በኋላ ባሕር ዛፍ ደረሰና አዲስ አበባ ተረፈች፤ ሐሳቡም ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሥፍራ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ንጉሥን ያስጨነቀ ማገዶ አንዲትን የወር ደሞዝተኛ እናት ቢያስጨንቅ ምን ይደንቃል?

ሌላም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ሐኪም ደግሞ «እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ፤ ውሃም ቢሆን አትስጪው» ይላል። ሦስት ወሩ አልቆ ስድስት ወሩ ሳይሞላ ያለውን ክፍተት የሚሞላው ማነው? አብዛኛውን ጊዜ ጡጦና ፔርሙዝ! እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉ 100 ሕፃናት የእናት ጡት ብቻ ያገኙ የነበሩት 59ኙ ናቸው። በዚያው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ልጆች 37ቱ ለዕድሜያቸው የሚገባ ቁመት አልነበራቸውም። ደጋግሞ የሚመጣ ተቅማጥ ለዚህ መቀንጨር አንዱ ምክንያት ነው። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባላል። ዕድል ብቻውን ግን አያሳድግም፤ ንጹህ ምግብ ይፈልጋል።

አማትየው የተናገሩት

መፍትሔው የመጣው ከማን መሰላችሁ? ከአማትየው! ሲያዳምጡ ቆይተው «ድሮ መንገደኛ ለምን በሶ ይዞ ይሄድ ነበር?» አሉ። «ደረቅ ስለሆነ ነዋ! ደረቁ ወር ይቆያል። ውሃ የነካው ግን ዕለቱን ይበላል።»

ነርሷ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ እጃቸውን ሳመች። «እማማ፣ እኔ በትምህርት የተማርኩትን እርስዎ በአንድ ቃል ጨረሱት» አለች። በዚያ ቀን የተማርኩት ትልቁ ነገር ይኸው ነው፦ ዱቄቱ ደረቅ ሆኖ ይቆይ፤ ውሃ ከነካው በኋላ ግን ሰዓት ይቆጠርበት። ሰዓቱም ሁለት ነው። ፍሪጅ ውስጥ ያልገባ የሕፃን ምግብ ከተሠራ ከሁለት ሰዓት በኋላ ለሕፃን አይሰጥም።

«ሁለት ሰዓት! ታዲያ ቀኑን ሙሉ እንዴት ይሆናል?» አለች እናት። ከዚያ ነርሷ በጣቷ ቆጠረችላት። ከ6 እስከ 8 ወር ያለ ሕፃን ጡት እየጠባ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ምግብ ይበቃዋል። ከ9 ወር በኋላ ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ በመሀሉ ደግሞ እንደ ሙዝ ያለ ቀላል ነገር። ስለዚህ ጠዋት እናት ከመሄዷ በፊት ራሷ ሠርታ ታበላዋለች። ማታ ስትመለስ ራሷ ሠርታ ታበላዋለች። ለሠራተኛዋ የሚቀረው የምሳው ብቻ ነው! ቀኑን ሙሉ ጡጦ ማስያዝ ለካስ መጀመሪያውኑ አያስፈልግም ነበር።

እንዴት ይሠራ?

1. ምጥኑ፦ ሦስት እጅ እህል (ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ አጃ፣ ካላችሁ የተገኘውን) ከአንድ እጅ ጥራጥሬ (ሽምብራ፣ ምስር፣ አተር) ጋር። የሻገተ እህል ተለቅሞ ይጣል፤ ሻጋታ የሚያመጣውን መርዝ ማብሰል አያጠፋውም። እህሉ ታምሶ ይፈጭ፤ ያኔ ቶሎ ይበስላል፤ ማገዶም ይቆጥባል። ወፍጮ ቤት በርበሬ ተፈጭቶ ሳይጠረግ የልጃችሁን እህል እንዳታስፈጩ! ዱቄቱ በደረቅ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ በእርጥብ ማንኪያ አይነካ።

2. የምሳው ድርሻ፦ ጠዋት አንድ ድርሻ ዱቄት ተለክቶ በትንሽ ዕቃ ይቀመጥ። ሠራተኛዋ በትንሿ ድስት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ታበስለዋለች። የተረፈውን እሷ ትብላው፤ ለማታ አይቀመጥ። በነገራችን ላይ፣ ልጅቷን በቁጣ ሳይሆን በማሳየት አስተምሯት። ልጃችሁ የሚውለው በእጇ ነው።

3. እጅ፦ ከማብሰል በፊት፣ ከማብላት በፊት፣ የልጁን ሽንት ጨርቅ ከቀየሩ በኋላ በሳሙና። ሳሙና ከሌለ በአመድ። የሕፃኑም እጅ ይታጠብ፤ መሬቱን ሲዳስስ የዋለ እጅ ነው አፉ የሚገባው።

4. ውሃ፦ ይፍላ። ማፍላት ካልተቻለ እንደ ውሃ አጋር ያለ የውሃ ማከሚያ በዕቃው ላይ እንደተጻፈው ተጨምሮ 30 ደቂቃ ይቆይ። ውሃ መቅጃው ከጀሪካኑ ውስጥ በእጅ አይነከር።

5. የቤተሰቡ ድስት፦ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ድንቹ በርበሬና ጨው ሳይገባበት የልጁ ድርሻ ይነሳ። ተፈጭቶ ወይም ተዳምጦ ትኩሱን፣ ለብ ሲል ይብላ። ይህ ተጨማሪ ማገዶ አይፈልግም።

ፔርሙዙንም አትጣሉት! የፈላ ውሃ ለመያዝ ጥሩ ነው። የዱቄት ወተት መስጠት ግድ ለሆነባቸው ደግሞ ዱቄቱ ራሱ ከተሕዋስያን የጸዳ ስላልሆነ ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ትኩስ ውሃ ይበጥበጥ፣ ለብ ተደርጎ ወዲያው ይሰጥ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልተጠጣ ይደፋ። መድፋት ያሳዝናል፤ አውቃለሁ። ሆስፒታል ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ያስወጣል። ጡት አልባ ሰጥተው ለሚሄዱ እናቶች፣ በንጹህ ዕቃ የታለበ የእናት ጡት ወተት ቀዝቀዝ ባለ ክፍል እስከ 4 ሰዓት ይቆያል።

የቀጠነ አጥሚት አያጠግብም

ብዙዎቻችን አጥሚት የምናቀጥነው በጡጦ እንዲወርድ ነው። የሕፃን ሆድ ግን ከእፍኝ አትበልጥም፤ በውሃ ከሞላናት ምግቡ የት ይገባል? ምግቡ ከማንኪያ ላይ ቶሎ የማይንጠባጠብ፣ ገንፎ መሰል መሆን አለበት። «አይውጠውም» የምትሉ፣ እናቶቻችን ለጠላ የሚያበቅሉትን ብቅል አስታውሱ። የበሰለው ገንፎ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምራችሁ አማስሉና እንደገና አፍሉት። ምንም ውሃ ሳይጨመር ይላላል። ተዓምር ይመስላል፤ ግን የብቅል ጠባይ ነው።

ተዉልኝ የምላቸው

በጥሬ ወተት እንጀምር። ከሆለታ እስከ አምቦ የወተት አገር ነው። «ከላሟ እንደወረደ ለልጅ ይጠቅማል» የሚሉ አሉ። ጥሬ ወተት የሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ የሚባለውን በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ይፍላ! ቅቤውም ይነጠር። ለተወለደ ሕፃን ቅቤ ማስዋጥና የስኳር ውሃ መስጠት ደግሞ ጨርሶ ይቅር፤ የመጀመሪያው እንገር ጡት ይበቃዋል።

ማር ዓመት ሳይሞላው አይቀመስም። ማር ውስጥ የሚገኝ አንድ ተሕዋስ ሕፃንን ጡንቻ ሽባ የሚያደርግ መርዝ ሆዱ ውስጥ ሊያመነጭ ይችላል። ቆሎና ለውዝ ለሕፃን አይሰጥም፤ ያንቃል። እንቁላል አስኳሉ እስኪደርቅ ይቀቀል። የአምቦ ውሃ እኛ በድግስ ማግስት እንወደዋለን፤ ለሕፃን ሆድ ግን መድኃኒት አይደለም።

አንድ የማይወራ ነገር ልጨምር። በጾም ወቅት «ዕቃው ይፈሰካል» እያልን የልጁን ወተትና እንቁላል የምናቆም ብዙዎች ነን። ልጁ ጿሚ አይደለም! ለሱ አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ ለይታችሁ አስቀምጡ። ጭቅጭቁም ይቀራል፤ ንጽሕናውም ይጠበቃል።

ከያዘውስ?

ጡት አይቋረጥ፤ እንዲያውም ይጨመር። ከጤና ጣቢያ ወይም ከመድኃኒት ቤት የሚገኘውን ኦአርኤስ፣ በከረጢቱ ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን (ብዙውን ጊዜ አንድ ሊትር ነው) በጥብጣችሁ በኩባያ ቀስ እያላችሁ አጠጡት። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋ። ጤና ጣቢያ ዚንክም ይሰጣል፤ ልጁ ቢሻለውም የታዘዘለትን ቀን ይጨርስ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ ከፈዘዘ፣ ሰገራው ደም ካለው፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ «እስቲ ነገ» አይባልም። ሳይቃጠል በቅጠል!

አባቶችስ የት አላችሁ?

በዚያች የቡና ሥነ ሥርዓት ላይ ወንዶቹ ውጭ ድንኳን ውስጥ ነበሩ። የልጁ አባትም እዚያው ነበር። ሦስት ጊዜ ተቅማጥ ሲይዘው እናት ተወቀሰች፣ ሠራተኛዋ ተወቀሰች፣ ጎረቤት በዓይን ተጠረጠረ፤ እሱን ግን ማንም «አንተስ?» አላለውም። ወንድሞቼ፣ አንድ ትንሽ ድስት መግዛት፣ ጠዋት ውሃ ማፍላት፣ ኩባያ ማጠብ ሚስት የሚያሳጣ ሥራ አይደለም። እንዲያውም የምታቆይ ሥራ ናት!

ከወር በኋላ ለዘመዴ ስደውል ስለ ልጁ ጠየቅኳት። ቅዳሜ ወደ ግግ አውጪዋ አልተወሰደም። አማትየው ራሳቸው «እስቲ መጀመሪያ ፔርሙዙን እንተው» ብለው አስቀሩት። ምሳውን አሁን የሚያበስሉት እሳቸው ናቸው። ጡጦው ተጥሏል። አንድ ጊዜ ደግሞ ሆዱን አሞት ነበር፤ ኦአርኤስ ጠጥቶ በሁለት ቀን ተነሳ። ክብደቱ መጨመር ጀምሯል።

«ዝም ይላል አሁንም?» አልኳት።

«ምን ዝም ይላል! ቤቱን በጩኸት አፈረሰው» አለችኝ።

እሰየው! ሕፃን ሲጮህ ነው ደስ የሚለው። ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ፣ ቸር ይግጠመን!